«ጋር» አይባልም

ሐረር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ቴምብሩ ቀጥ ብሎ ስለተለጠፈ ገና ከሩቅ ያንቺ መሆኑን አወቅኩ፤ ጡረታ ብትወጪም የፖስታ ቤት እጅሽ አልተወሽም። እኔ ደህና ነኝ። ከውሰርም ደህና ናት፣ አልጠየቅሽኝም እንጂ።

ክረምቱን ሙሉ ዝም ብለሽ ከርመሽ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ሳሎን የተሰቀለው ሥዕል ላይ ያለው ጋራ ምን ማለት ነው?» መሆኑ ገርሞኛል። የሆነ ሆኖ እንጀራዬ የድሮ ሥዕል መጠገን ነውና እመልሳለሁ።

ያ ሥዕል በብሩሽ የተሣለ አይደለም። አንድ ሰው መዳብ ላይ በሹል ብረት ጭሮ ጭሮ፣ ቀለም ሞልቶበት፣ ወረቀት ላይ ያተመው ነው። አባባ አጋሮ ሄዶ፣ ዕቃውን ሸጦ አገር ከሚለቅ ግሪክ ቡና ነጋዴ ሲገዛው «የኛው የጅሬን ጋራ ነው» ብሎ ነበር። ጅሬን አይደለም። የትም አይደለም። እነዚያ ቀራጮች አብዛኛውን ጊዜ ያዩትን አገር አይቀርጹም፤ ጋራውን ከአንድ ቦታ፣ ድልድዩን ከሌላ ቦታ አምጥተው፣ ትርጉም እንዲሰጥ አድርገው ይገጣጥሙታል። ጋራው ከፍ ያለና የማይደረስበት ነገር ነው። አንዳንዶች እግዚአብሔር ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች የጉዞ መጨረሻ። የተሰበረው ዛፍ የሰው ዕድሜ ነው። ድልድዩ መሻገር ነው። ድልድዩ ላይ በትር ይዞ ቆሞ ወደ ኋላው ዞሮ የሚያየው ሰውዬ መንገደኛ ነው፣ ማለትም ማናችንም ልንሆን እንችላለን። ብቻ ይህን እንደ መዝገበ ቃላት እንዳትይዢው፤ ሠዓሊም አንዳንዴ ቦታ ለመሙላት ያህል ዛፍ ያቆማል።

ለገና ትመጣለህ ወይ ላልሽው መልሴ ያው ነው። ስንጋባ አባባ «የኔን ቤት ከፈለገ ብቻውን ይምጣ» ብሏል። እኔ ደግሞ ከከውሰር ጋር ካልሆነ አልመጣም። ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው፤ ቁጣው ካለፈ ቆይቷል። ግን ሰው ሚስቱን በር ላይ አቁሞ አባቱ ቤት አይገባም።

ለምን ስለ ሥዕሉ እንደጠየቅሽኝ ንገሪኝ። አባባስ እንዴት ነው?

ልጅሽ ልዑል


ጅማ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልዑል፣

ሰላምታዬ እንደ ደንቡ ይድረስህ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስደረድር የኖርኩ ሴት ነኝና፣ «ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን» የሚለውን እኔም ብጽፈው ማንም እንደማያምነው አውቃለሁ።

ስለ ሥዕሉ የጠየቅኩህ ዝም ብዬ ነው። አቧራውን ስጠርግ ዓይኔ ገባና ነው። የጻፍክልኝን ሁለቴ አነበብኩት። እግዚአብሔር ነው ስትል ደስ አለኝ፤ የጉዞ መጨረሻ ስትል ግን ብዙም ደስ አላለኝም። በማግሥቱ የንስሐ አባታችንን ጠርቼ ቤቱን ጸበል አስረጨሁት። ፍራሹ ሳይቀር ራሰ፤ ለማድረቅ ፀሐይ ሳሳድድ ዋልኩ።

አባትህ ደህና ነው። ትንሽ ብርድ ቢጤ መትቶት ከቤት አይወጣም። እዚህ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ዝናቡ ወቅቱን ረስቶ አሁንም ይመጣል። ቡና ያሰጡት ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ሸራ ሲያለብሱና ሲገልጡ ይውላሉ። ሲስተር ሶረቲ፣ ያቺ አወቱ መንደራ የምትኖረው ነርስ፣ ጠዋት ጠዋት ጎራ ትላለች። የኔን ደም ግፊት ለመለካት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተሰበረው ዛፍ የሰው ዕድሜ ነው ብለሃል። ያለፈውን ዕድሜ ነው ወይስ የቀረውን? ዛፉ ወድቋል የሚባለው መቼ ነው፣ ግንዱ ሲሰበር ነው ወይስ ሥሩ ሲነቀል? ነገሩ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ነው።

ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ።

እናትህ ሸዋረገጥ


ሐረር፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

በመጀመሪያ ስለ ዛፉ። ያን ሥዕል ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ስላየሁት በቃሌ አውቀዋለሁ። ግንዱ ከወገቡ ተሰብሯል፣ ሥሩ ግን አልተነቀለም። ከስብራቱ በታች፣ በስተግራ፣ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ አለች፤ በአጉሊ መነጽር ካየሻት ቅጠል አላት። ቀራጮቹ ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፣ ዛፉ አልወደቀም።

ሁለተኛው ነገር። ሥራዬ አንድ ወረቀት ላይ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደለም ማየት ነው። ደብዳቤሽን እንደዚያ አድርጌ አየሁት። ድሮ ከምትጽፊልኝ ግማሹ የአባባ ንግግር ነበር። ራዲዮ ላይ የሚያነበውን ሰው አማርኛ ሲያርም፣ ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ጥቅስ ሲያርም፣ የንስሐ አባታችንን ስብከት ሳይቀር ሲያርም። እኔን ካባረረ በኋላ እንኳ የኔን ፖስታ እጅሽ ላይ ሲያይ «አሁንም ‹ጋር› እያለ ነው የሚጽፈው?» ብሎ እንደጠየቀ ጽፈሽልኛል። በልጅነቴ ደብተሬን በቀይ የሞላው በዚያች ቃል ነው። «‹ጋር› አይባልም፤ ‹ጋራ› ነው የሚባለው። የተማሪ ቤት ልጅ ቃል ቆርሶ አይጥልም» ይለኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ይኸው እስከዛሬ ቆርሼ እጥላለሁ።

በዚህኛው ደብዳቤ ግን አባባ አንድም ቃል አልተናገረም። ስለ ዝናብ አላማረረም። ጸበል ሲረጭ ቄሱን አላረመም። ብርድ የመታው የአማርኛ አስተማሪ እንዲህ ዝም አይልም። ያንቺ ደም ግፊት ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅ ይል ነበር እንጂ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ነርስ በየማለዳው የሚያስመጣ አልነበረም።

ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ስልክ ስደውል አታነሺም፤ ከውሰር ስትደውልም አላነሳሽም። እዚህ ቁጭ ብዬ መገመት ሰልችቶኛል፣ እውነቱን ለመናገርም ፈርቻለሁ።

ልዑል


ጅማ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑል ልጄ፣

ይቅር በለኝ። ስልኩን ያላነሳሁት ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ወረቀት ላይ ግን መዋሸት የምችል መስሎኝ ነበር። ለካ በወረቀትም አልችልም።

አባትህ ጳጉሜ ላይ ስትሮክ መታው። ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወንበሩ ላይ እንዳለ አዘነበለ። ጎረቤት ተረባርቦ ሆስፒታል አደረስነው፣ ተኛ፣ ተመለሰ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። ሰው ያውቃል፣ የሚባለውን ይሰማል፣ ይበላል፣ ሲያሰኘውም ይቆጣል። መናገር ግን የለም። ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኛ አገር ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይላክም። ይህን ደንብ በሌሎች ላይ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እግዜር ያውቃል፣ በራሴ ሲደርስ ግን ጠበቅኩት።

መናገር የለም አልኩህ እንጂ አንድ ቃል ቀርታዋለች። «ጋራ» ይላል። ሌላ የለም። ያን ሁሉ ግስ ሲያስረባ የኖረ ሰው በዚህች አንድ ቃል ይውላል፣ ያመሻል። አልጋውን ሳሎን አውጥተንለታል፤ በግራ እጁ ወደ ግድግዳው ያመለክትና «ጋራ» ይላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕሉ ነው፤ ከሥዕሉ በስተቀኝ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው። መጀመሪያ ቀኑ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ መስሎኝ በየማለዳው እነግረው ነበር፤ «ዛሬ እሑድ ነው፣ ሚካኤል ነው» ስለው ትክ ብሎ አይቶኝ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያለው ጋራ ነው አልኩና ላንተ ጻፍኩልህ። አንተ እግዚአብሔር ስትለኝ ቄስ ጠራሁ። ቄሱ ገና ሲገቡ «ጋራ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ እሳቸው ገዳም ለመሄድ ተስሎ ይሆናል አሉ።

ሶረቲ ደግሞ ሌላ ሰማች። «ማሎ፣ እባክዎን እትዬ፣ ጋራ አይደለም እኮ የሚሉት። ምላሳቸው ተሳስሮ ነው። በኦሮምኛ ‹ገራ› ሆድ ነው፤ ሆዴን እያሉ ነው» አለችኝ። አባትህ እዚህ የኖረበት ዘመን ትውልድ አገሩ ከኖረበት ይበልጣልና ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ይናገር ነበር። አመንኳት። ሳምንት ሙሉ የአጃ ሾርባና የሆድ መድኃኒት አጠጣነው። ሆዱን ጭራሽ አላመመውም፤ እኛ ግን አሳመምነው።

አሁን ምን እንደሚል አላውቅም። ዶክተሩ እንዳይናደድ፣ እንዳይደነግጥ ብሏል። እኔም የማላውቀውን ነገር ሲለምነኝ እየዋለ እንዳይናደድ እንዴት ላድርገው? በዚህ ሁሉ ጊዜ አላለቀስኩም ብልህ ውሸት ነው፤ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። ያለኝን ጻፍኩልህ።

እናትህ


ሐረር፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ከውሰር «ሂድ፣ እኔን ተወኝ፣ አባትህ ነው» አለችኝ። መናኸሪያ ደረስኩ፣ ትኬትም ያዝኩ። ከዚያ ተመለስኩ። ብቻዬን ብገባ አባባ አሸነፈ ማለት ነው፣ ያውም መናገር በማይችልበት ሰዓት። ከከውሰር ጋር ብንገባ ደግሞ ዶክተሩ የፈራው ንዴት እኛ ሆነን እንመጣለን። ልጎዳው አልፈልግም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚጸጽተኝ ሳላውቅ አውቶቡሱ ሄደ። በራሴ አፈርኩ፣ ያፈርኩትም ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

የምችለውን ላድርግ ብዬ ስለ ግድግዳው አሰብኩ።

አባባ የሚያመለክተው ሥዕሉን ላይሆን ይችላል። ከሥዕሉ በስተቀኝ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ራሱ አባባ ነው የሰቀለው፤ ለምን እንደሰቀለው ታስታውሺያለሽ። እዚያ ቦታ ሌላ ሥዕል ነበር። ለሠርጌ ደብቀሽ የሰጠሽኝ፣ አሁን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው። አባባ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። ስለዚህ ቦታውን ያውቀዋል።

ቀጥዬ የምጽፍልሽን ያኔ አላወቅኩም፤ የተረዳሁት ሥራዬን ከጀመርኩ በኋላ ነው። እነዚህ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነበር የሚታተሙት፣ ማለዳና ምሽት። የኔው ማለዳው ነው፣ እናንተ ጋ ያለው ምሽቱ። አንዱ ለብቻው ሲታይ ትርጉሙ ይጎድላል። እናንተ ጋ ያለው ሰውዬ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ኋላው ያያል፤ ብቻውን ሲታይ የሚያሳዝን ሰው ነው፣ የመጣበትን የሚናፍቅ ወይም መመለስ የፈራ። እኔ ጋ ባለው ላይ ደግሞ በቀኝ ጠርዝ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወይም እኔ ነጠላ የምለውን፣ በመንገዱ ትመጣለች። መንገዱ ከኔ ሥዕል ይወጣና እናንተ ሥዕል ውስጥ ይገባል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ሰውየው አያዝንም። እሷን እየጠበቃት ነው።

እኛ ቤት ግን ተገላብጠው ነበር የተሰቀሉት፤ ማለዳው በቀኝ፣ ምሽቱ በግራ። ልጅነቴን ሙሉ ሰውየው ዞሮ ሲያይ የኖረው የጓዳውን በር ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ወደ መስኮቱ ትሄድ ነበር። አባባ አንድ ነገር ካላረመ አያድርም የምንለው ሰውዬ ይህችን አላየም።

ስለዚህ ይመስለኛል፣ ሥዕሉን ከጥንዱ ጋር እንድትሰቅዪለት ነው የሚፈልገው። ሙኒር የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ወዳጅ አለኝ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ጅማ ይሄዳል፣ ጠቅልዬ እልክልሻለሁ። ማለዳውን በግራ አድርጊው።

ለከውሰር ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እሷም እዚያው ቅርባችሁ ሰርቦ ለምትኖረው እናቷ ደውላለች። ሳላማክርሽ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

ልዑል


ጅማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልዑልና ለከውሰር፣

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ጻፊ ያለኝ ነገር ስለመጣ፣ ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

ወይዘሮ ረሺዳ ከሰርቦ መጥታ ነበር። ስልክ አልደወለችም፣ አላስፈቀደችም፤ አንድ ፌስታል ብርቱካንና የላም ወተት ይዛ በሩን አንኳኳች። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። «ሸዋረገጥ፣ በሽተኛ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ አሳልፊኝ እንጂ» አለችኝ። ገባች፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አያ ለይኩን፣ አላህ ያሽርዎት። እኔ ነኝ፣ የከውሰር እናት» አለችው። አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላዞረም። ብርቱካኑን ላጠችለት፣ በላ። ስትሄድ «ጋራ» አላት። እሷም «ኢንሻአላህ» ብላው ወጣች። ምን እንደገባት አላውቅም፤ ከኛ ሁሉ ግን የተሻለ መልስ የሰጠችው እሷ ናት።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰው በማግሥቱ ነው። ደብዳቤህን ለሱ አንብቤለት አላውቅም፣ አይፈልግም ነበርና። አሁን ግን ስለ ሥዕሉ የጻፍከውን ብቻ ላንብብለት ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተገላበጠውን ስነግረው ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ስህተቱን ሲነግሩት ድሮም እንደዚያ ነው። ከዚያ «ሥዕሉን ከጥንዱ ጋር» ብዬ ሳነብ የግራ እጁን አነሳና «ጋራ!» አለ።

ደገምኩት። «ከጥንዱ ጋር።»

«ጋራ!»

ልዑል፣ እያረመህ ነበር። በዚያች ቅጽበት ነው ጆሮዬ የተከፈተው። ተራራም አይደለም፣ ሆድም አይደለም። ስንት ዘመን በቀይ ሲጽፍብህ የኖረው ቃል ነው። አብሮ ማለት ነው። ያን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ፣ የአማርኛ አስተማሪ ሚስት ሆኜ አልሰማሁትም። ሳቅኩ፣ ሳቄ ቆየና ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ተመለሰ።

ግን ከማን ጋራ ነው? ሥዕሉን ነው እንዳልል፣ የተሰበረ አካል ይዞ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሥዕል የሚጮህ ሰው አይደለም። የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ከሳጥኑ አወጣሁ። ልቤን ጨክኜ «ከከውሰር ጋር ካልሆነ አልመጣም» የሚለውን አነበብኩለት።

«ጋራ» አለ።

ይኸው አሁንም ማረሙ ሊሆን ይችላል። አባትህን ታውቀዋለህ፣ ቤት ሲቃጠል እንኳ እሳት የሚለውን ቃል አጠራር ያርማል። እንደ ተማሪ ልፈትነው አሰብኩ። በዚህኛው ጊዜ ምንም የሚታረም እንዳይኖር አድርጌ፣ እሱ እንደሚወደው፣ ሳልቆርስ አነበብኩት። «ከከውሰር ጋራ።» ማረሙ ብቻ ከሆነ ዝም ይላል ማለት ነው።

ዝም አለ። እኔም ደብዳቤውን አጠፍኩት። ልነሳ ስል ግን የቀሚሴን ጫፍ በግራ እጁ ያዘኝ።

«ጋራ» አለ። በቁጣ አልነበረም። ሲያርም እንደዚያ አይልም።

«ብቻውን አይምጣ ነው የምትለኝ?» አልኩት። ቀሚሴን አልለቀቀም። «ሁለቱም ይምጡ?» አልኩት። ያኔ ለቀቀኝ። እንባ ነበር ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል። በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ፣ ከዚያ ደክሞት ተኛ።

ቀን መቁጠሪያውን አንሥቻለሁ። ምሽቱን አንተ እንዳልከው ወደ ቀኙ ሚስማር አዛወርኩት፤ የግራው ሚስማር ባዶውን ነው። አባትህ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ባዶ ሚስማር ነው። ሥዕሉን በሰው እንዳትልክ።

ከውሰር ልጄ፣ በነዚህ ሁሉ ደብዳቤዎች «ቤተሰቡን» እያልኩ ነው ያለፍኩሽ። ስምሽን መጻፍ ፈርቼ ነበር፤ ምን እንደፈራሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አልጋችሁን የልዑል ክፍል ውስጥ አንጥፌአለሁ።

ሸዋረገጥ


ሐረር፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እማዬ ታንብብልህ። ሥዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለነዋል፣ ከውሰር እሷው እንደምትይዘው ተናግራለች። ደብዳቤው ከኛ ቀድሞ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልደረሰ እኛው ይዘነው ከገባን በኋላ ይነበብልህ።

ለገና ዋዜማ እንደርሳለን።

እመጣለሁ አባባ፣ ከከውሰር ጋራ።

ልጅህ ልዑል